ጅቡ ካፖርት ሊያሰፋ ሲመጣ፦ ፋንታስቲክ እና ማጂካል ሪያሊዝም በምን ይለያያሉ?

በአንድ ዓርብ ከሰዓት ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ አንድ ወዳጄ ቤት በርጫ ተቀምጠን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ይጽፋል። አዲስ አጭር ልብ ወለዱን አነበበልን። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። መኪና ግርግር ላይ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ አምሽቶ ይሠራል። በሩ ይንኳኳል። ከፍቶ ሲያይ ጅብ ነው። ጅቡ ካፖርት ስፋልኝ ይለዋል።

(መኪና ግርግርን ለማታውቁ፦ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ውስጥ ሲገባ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ የተደረደሩበት ጠባብ መንገድ ነው። ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪናው ድምፅ ነው።)

አንብቦ ሲጨርስ ክርክሩ ተነሳ። አንዱ «ይሄማ ማጂካል ሪያሊዝም ነው» አለ። ሌላው «አቦ ተወን! ጅብ ካወራ ፋንታሲ ነው» አለው። ሦስተኛው ደግሞ «የሐረር ጅብ እስከሆነ ድረስ ሪያሊዝም ነው» ብሎ አሳቀን። ደራሲው ራሱ የቱ እንደሆነ አላወቀም። እስኪመሽ ተጨቃጭቀን ሳንስማማ ተለያየን።

ይህ ጭቅጭቅ የእኛ ብቻ አይመስለኝም። «ማጂካል ሪያሊዝም» የሚለው ቃል ሰሞኑን እንደ ሽልማት የሚታደል ሆኗል። አንድ ድርሰት ውስጥ ሙት ከተነሳ፣ ዛፍ ከተናገረ፣ ሕልምና እውን ከተደባለቀ «ማጂካል ሪያሊዝም» ይባላል። የተባለው ደራሲም ደስ ይለዋል። እኔም ከዓመታት በፊት አንድ ጂኒ የገባበት ታሪክ ጽፌ፣ ለሰው ሁሉ እንደዚያ እያልኩ አስነብቤ ነበር። አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። እስቲ በዚያ ጅብ እያስታከክሁ የገባኝን ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጅብ ካወራ ሁሉም አንድ አይደለም እንዴ?

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን። ጅቡ በምን ቋንቋ ተናገረ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ነገሩ ስለ ጅብ እንዳልሆነ እናውቃለና። ሰሙ ጅብ ነው፣ ወርቁ ሰው። ከተረቱ ስንወጣ ጅቡን እዚያው ጥለነው እንወጣለን።

ስለዚህ ጅብ ማውራቱ ብቻውን ምንም አይነግረንም። መታየት ያለበት በጅቡ ዙሪያ የሚሆነው ነው። ማን ደነገጠ? ባለታሪኩ? ጎረቤቱ? ተራኪው? እኛ አንባቢዎቹ? ተአምሩ ያው አንድ ሆኖ፣ የድርሰቱን ዓይነት የሚለውጠው የሰዎቹ አኳኋን ነው።

ሐረር ያደገ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ማታ ከግንቡ ውጪ ጅብ ወደሚመገብበት ቦታ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ይዘህ ሂድ። ጅቡ ከሰውዬው ዱላ ጫፍ ላይ ሥጋውን ሲነጥቅ የእንግዳህ ልብ ይመታል። ስልክ የያዘ እጁ ይንቀጠቀጣል። «እውነት ነው? አይነክስም?» እያለ አንተን ይጠይቃል። በዚያው ሰዓት አንዲት ልጅ ዳቦ ይዛ በጅቦቹ አጠገብ ታልፋለች። ዞር ብላም አታይም። ዳቦው ሳይቀዘቅዝ ቤት መድረስ ነው ሐሳቧ።

ይህን ምሽት ከእንግዳው የልብ ትርታ ተነስተህ ከጻፍከው ወደ ፋንታስቲክ ያደላል። ከልጅቷ እርምጃ ተነስተህ ከጻፍከው ወደ ማጂካል ሪያሊዝም። ምሳሌው እርግጥ አንድ ጉድለት አለበት። ጅብ መመገብ እውን ነገር ነው፣ ተአምር የለበትም። ስሜቱን ግን በትክክል ያሳያል።

ፋንታስቲክ ሲባል «ግሩም» ማለት ነው?

በዕለት ንግግር አዎ፣ «ፋንታስቲክ ምሳ በላን» እንላለን። በሥነ ጽሑፍ ግን ቃሉ ሌላ ሥራ አለው። ትርጉሙን አጥርተው ካስቀመጡት አንዱ ቡልጋሪያ ተወልዶ ፈረንሳይ የኖረው ሃያሲ ጽቬታን ቶዶሮቭ ነው። በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ፋንታስቲክን በአንድ ነገር ላይ አቆመው። በማመንታት ላይ።

የምናውቀው ዓለም ውስጥ ነን። ቤቱ ቤት ነው፣ መንገዱ መንገድ ነው። ከዚያ በዚህ ዓለም ሕግ ሊገለጽ የማይችል ነገር ይሆናል። ባለታሪኩ ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ስሜቱ አታሎታል፤ ሕልም ነው፣ ትኩሳት ነው፣ ሰው ቀልዶበታል። ወይ ነገሩ በእርግጥ ሆኗል፤ ያኔ ዓለም እኛ የማናውቀው ሕግ አላት። ከሁለቱ አንዱን እስክንመርጥ ድረስ ያለችው ጊዜ ናት ፋንታስቲክ የምትባለው።

የጀጎልን በር አስቡት። አንድ እግርህ ውስጥ ነው፣ አንድ እግርህ ውጪ። ፋንታስቲክ ደፉ ላይ ቆሞ የቀረ ታሪክ ነው። ወደ ውጪ ከወጣህ፣ ማለትም ምክንያቱ ከተገኘ፣ ታሪኩ ቶዶሮቭ «እንግዳ» ወደሚለው ይዞራል። ለምሳሌ የጓደኛዬ ጅብ መጨረሻ ላይ ቁርበት የለበሰ ሌባ ሆኖ ቢገኝ። ወደ ውስጥ ከገባህ፣ ማለትም ተአምሩን ተአምር ብለህ ከተቀበልከው፣ «ድንቃዊ» ወደሚለው ይዞራል። ጸሐፊው እስከ መጨረሻዋ መስመር ደፉ ላይ ሊያቆምህም ይችላል። ሄንሪ ጄምስ በ1898 ያሳተመው የአንዲት ሞግዚት ታሪክ ለዚህ ዋና ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል። ሞግዚቷ በምትሠራበት ቤት የሞቱ ሰዎችን አየሁ ትላለች። በእርግጥ መናፍስት ናቸው ወይስ አእምሮዋ ነው? አንባቢ ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክሮበታል።

የእኛን ልብስ ሰፊ በዚህ መንገድ ብንጽፈው ይህን ይመስላል፦

*መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ልብስ ሰፊው በሻማ ነው የሚሠራው። ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት አለበት። የከሰዓቱ ምርቃናም ገና አልለቀቀውም። በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ሲከፍት በድንገት ነፋስ ገብቶ ሻማውን አጠፋው። ከጨለማው ውስጥ ጎርነን ያለ ድምፅ «ካፖርት እፈልጋለሁ» አለው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ለካ። ትከሻው ሰፊ ነው፣ ወገቡ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። እንዲህ ያለ ሰው የለም ብሎ አሰበ። ጠዋት መኪናው ላይ ተደፍቶ ነቃ። ሕልም ነው ብሎ እፎይ አለ። ሜትሩ ላይ ግን ግራጫ ፀጉር ተጠምጥሟል። ያው የሰፈሩ ውሻም ግራጫ ነው።*

ትኩሳቱ፣ ምርቃናው፣ ሻማው፣ ውሻው። እነዚህ ሁሉ ለአሳማኙ መልስ በር ክፍት ለመተው የገቡ ናቸው። ፀጉሩ ደግሞ ሌላውን በር ይከፍታል። ጸሐፊው ሁለቱንም በር ክፍት አድርጎ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል።

ማጂካል ሪያሊዝምስ? እዚያ ማንም አይደነግጥም?

ስሙ ራሱ ሁለት ጎን አለው። ማጂካል፣ ምትሃታዊ። ሪያሊዝም፣ እውነታዊነት። በአማርኛ «ምትሃታዊ እውነታዊነት» የሚሉት አሉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ይሰማል። ሥራውን የሚሠራው ግን ሁለተኛው ነው። ዋጋው፣ ዕዳው፣ ዝናቡ፣ ሐሜቱ፣ ቀበሌው፣ ሁሉም እንደምናውቀው አለ። ከዚያ መሃል አንድ የማይሆን ነገር ይሆናል፣ ኑሮም ይቀጥላል። ያንኑ ጅብ እንደገና እንጥራው፦

*ጅቡ የመጣው ከዒሻ በኋላ ነው። ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አየውና «አሁን ነው የሚመጣው?» አለው። «ልዘጋ ነበር እኮ።» ጅቡ ይቅርታ ጠየቀ። የግንቡ ቀዳዳ በድንጋይ ስለተደፈነ በበሩ ዞሮ መምጣቱን አስረዳ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አነሳ። ትከሻው 78 ሳንቲ ሜትር። ካምናው በ2 ከስቷል። «ካኪ ጨምሯል» አለው። «ቀብድ ሳትከፍል አልጀምርም። ያምናውም አለብህ።» ጎረቤት ያለችው ባለሱቅ ጭቅጭቁን ሰምታ ብቅ አለች። «ለጅብ ዱቤ የሚሰጥ ሞኝ!» ብላ ልብስ ሰፊውን ተቆጣችው። ሳምንቱን ሙሉ ሰፈሩ ያወራው ስለ ካኪ ዋጋ ነበር።*

እዚህ ማን አመነታ? ማንም። ባለሱቋን ያስቆጣት ዱቤው ነው። ተራኪውም አብሯቸው ነው። «ይገርማችኋል» አይልም፣ «እንደሚባለው» ብሎም ራሱን አያሸሽም። ደፉን ተሻግሮ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ቡና አፍልቶ ጅቡን ይጠብቃል።

የዚህ አጻጻፍ ስም ሲነሳ ኮሎምቢያዊው ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ አብሮ ይነሳል። «መቶ የብቸኝነት ዓመታት» የተባለው ልብ ወለዱ በ1967 ታተመ። እሱ ራሱ በ1982 ኖቤል ተሸለመ። ትረካውን ከማን እንደወሰደ ሲጠየቅ የሚጠቅሰው አያቱን ነበር። ሴትየዋ የሙታንን ነገር ስታወራ ፊቷ አይለወጥም ነበር ይላል። የገበያ ወሬ እንደምታወራ ነው። እሱም መጀመሪያ ታሪኩን ሳያምንበት ለመጻፍ ሞክሮ እንዳልሆነለት፣ በኋላ አያቱ በምትተርክበት ፊት ሲጽፈው እንደተሳካለት ተናግሯል።

ጋዜጠኛ ነበርና የጋዜጠኛ ዘዴም ነበረው። ዝሆኖች ሰማይ ላይ ይበራሉ ብትል ማንም አያምንህም። 425 ዝሆኖች ይበራሉ ብትል ግን የሚያምንህ ታገኛለህ ይላል። በልብ ወለዱ ውስጥ ዝናብ የሚዘንበው «ለዓመታት» አይደለም። 4 ዓመት ከ11 ወር ከ2 ቀን ነው። የልብስ ሰፊውን 78 ሳንቲ ሜትር ከየት እንደሰረቅሁት ገብቷችኋል።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ውቢቱ ሬሜዲዮስ አንድ ከሰዓት አንሶላ ስታጥፍ ቆይታ ወደ ሰማይ ታርጋለች። አንሶላዎቹም አብረዋት ይሄዳሉ። ከቤተሰቡ አንዷ በኋላ የምታዝነው ለአንሶላዎቹ ነው። የሚገርመው ደግሞ ተቃራኒው ነው። እነዚሁ ሰዎች በረዶ ሲያዩ ይደነቃሉ። በሙቀት አገር ለሚኖር ሰው የቀዘቀዘ ውኃ ነው ተአምሩ። ድሬዳዋን በግንቦት ለሚያውቅ ሰው ይህ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ስለሆነ። በ1928 ኮሎምቢያ ውስጥ ሲዬናጋ በምትባል ከተማ አድማ የመቱ የሙዝ እርሻ ሠራተኞች በወታደር ተገድለዋል። ጋርሲያ ማርኬዝ ይህን ልብ ወለዱ ውስጥ አስገብቶታል። ከግድያው የተረፈው ሰው ወደ ከተማው ሲመለስ የሚያምነው ያጣል። ምንም አልሆነም ይሉታል። ሴት ወደ ሰማይ ስታርግ ያመነች ከተማ፣ መንግሥት የገደላቸውን ሰዎች ሞት አታምንም። ማጂካል ሪያሊዝም ለጌጥ የተፈጠረ የሚመስለው ሰው እዚህ ገጽ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት።

ሁለቱን አጻጻፎች ፊት ለፊት አስቀምጣ የመዘነቻቸው ካናዳ ያስተማረች አማሪል ሻናዲ የተባለች ምሁር ናት፣ በ1985። በሁለቱም ውስጥ እርስ በርስ የሚጋጩ ሁለት ዓለሞች አሉ ትላለች፤ የተፈጥሮ ሕግ ያለበትና የሌለበት። በፋንታስቲክ ግጭቱ አይፈታም፣ የሚያስፈራውም ለዚህ ነው። በማጂካል ሪያሊዝም ተራኪው ሁለቱን በእኩል ዓይን ስለሚያይ ግጭቱ እንደ ግጭት አይሰማንም። ከዚህ ይበልጥ አጭር ማብራሪያ አላገኘሁም።

ፋንታሲ የሚባለውስ?

እሱ ሦስተኛ ነገር ነው፣ ቶሎ እንለፈው። ሐረር አጠገብ ካለው ተራራ፣ ከሐኪም ጋራ፣ በስተጀርባ የጅቦች መንግሥት አለ እንበል። ንጉሥ፣ ጦር፣ የራሱ ዘመን አቆጣጠር አለው። ልብስ ሰፊው በአንድ የተረሳ በር ሾልኮ ይገባል። ይህ ሌላ ዓለም ነው፣ ሕጉም ሌላ። ጅብ እዚያ ቢያወራ ማመንታት የለም፤ የእኛ ቀበሌና የእኛ ካኪ ዋጋም የለም። አንባቢው ቲኬት ቆርጦ አገር ለቅቋል። በማጂካል ሪያሊዝም አገር አይለቀቅም።

ጂኒ የሚያምን ሰው ድርሰት ውስጥ ካለስ?

እኔ የተሳሳትሁት እዚህ ነው። ብዙዎቻችንም የምንሳሳተው እዚህ ይመስለኛል።

ሐረር ውስጥ ጅብ ጂኒ ይበላል የሚል እምነት አለ። ሌሊት በጠባቡ መንገድ ሲያልፍ ከተማውን ያጸዳል ይባላል። ለዓሹራም ቅቤ የገባበት ገንፎ ለጅብ ይቀርባል፤ አበላሉም ስለ መጪው ዓመት ምልክት ተደርጎ ይታያል። አሁን አንድ ጸሐፊ እንዲህ የምታምን እናት ያለችበትን ቤት ቢጽፍ፣ እናትየዋ ጅቡ ሲጮህ «አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ጂኒ ቀነሰ» ብትል፣ ይህ ማጂካል ሪያሊዝም ነው?

አይደለም። ሪያሊዝም ነው። እንዲህ የምታምን እናት አለች። ጸሐፊው ያለ ነገር ነው የጻፈው። ጂኒው በእናትየዋ ጭንቅላት ውስጥ እስካለ ድረስ ከተፈጥሮ ሕግ የወጣ ነገር አልተከሰተም። ማጂካል ሪያሊዝም የሚሆነው ተራኪው ራሱ፣ ከእናትየዋ ጀርባ ሳይደበቅ፣ ጅቡ ጂኒውን ሲያኝክ የጂኒው የጣት ቀለበት ጥርሱ ላይ ተሰብሮ ጠዋት ደጃፍ ተገኘ ብሎ ሲጽፍ ነው።

የኔ የያኔ ታሪክ ውስጥ ጂኒ አየሁ የምትል ሴት ነበረች። ሁሉም ሰው «ታማለች» ይላታል። ተራኪውም እንደዚያው ያስባል። አንዲት ያዘነች ሴት ነበረች እንጂ ምትሃት አልነበረም።

ሁለቱንም ዓይን በአንድ ገጽ ያስቀመጠ ጸሐፊ አለ። ኩባዊው አሌሆ ካርፔንቲዬር በ1949 ባወጣው ልብ ወለድ ማካንዳል የተባለውን የሄይቲ አማፂ ይተርካል። ሰውዬው በእርግጥ የነበረ ነው። በ1758 ቅኝ ገዢዎቹ አቃጥለው ገደሉት። በልብ ወለዱ በባርነት ያሉት ሰዎች ከእሳቱ ወጥቶ ሲበር ያያሉ፣ ነፃ ወጣ ብለው ይጮኻሉ። ጌቶቹ ደግሞ ሲቃጠል ያያሉ። ካርፔንቲዬር ሄይቲን ያየው በ1943 ነበር። ከዚያ በኋላ «ድንቃዊው እውነታ» የሚል ስም አመጣ። አውሮፓውያን ወዳጆቹ ወረቀት ላይ ድንቅ ለመፍጠር ይጨነቃሉ፣ እዚህ ግን ድንቁ የሕዝቡ ታሪክና እምነት ውስጥ አለ የሚል ነበር ክርክሩ።

ገድልና ተአምራትስ ለምትሉ፣ የአውሊያ ታሪክም ለምትሉ፦ እነዚህ የሚነበቡት በእምነት ነው። አማኙ ልብ ወለድ ይዣለሁ ብሎ አያነባቸውም። ስለዚህ ከሁለቱም ሳጥን ውጪ ናቸው። የአያታችንን እምነት «ማጂካል ሪያሊዝም» ማለት ለእሷም ለድርሰቱም ክብር አይመስለኝም። ደግሞ እምነት ሁሉ ውብ አይደለም። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው የቡዳ ወሬ ስንት ባለሙያ ከሰው እንዳገለለ እናውቃለን። ያንን ወሬ ልብ ወለድ ውስጥ እንደ ምትሃት አሽሞንሙኖ ማስገባት የሚፈልግ ሁለት ጊዜ ያስብ።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል ይምታታል?

ምሁራኑ ራሳቸው ስላምታቱት። ቃሉን በ1925 ያወጣው ፍራንዝ ሮ የተባለ ጀርመናዊ የሥዕል ሃያሲ ነው። የሚያወራው ስለ ድርሰት አልነበረም። ተራ ዕቃን፣ ወንበርን፣ ብርጭቆን፣ ከልክ በላይ አጥርተው ስለሚሥሉ ሰዓሊዎች ነበር። ሥዕሉ ላይ መንፈስ የለም፣ በራሪ ሰው የለም። ጥራቱ ነው እንግዳ ስሜት የሚሰጠው። ጽሑፉ በ1927 በከፊል ወደ ስፓኒሽ ተተረጎመና ውቅያኖስ ተሻገረ። በ1948 የቬንዙዌላው አርቱሮ ኡስላር ፒዬትሪ የአገሩን አጭር ልብ ወለዶች ሲተነትን ተጠቀመበት። በ1955 አንኸል ፍሎሬስ የተባለ ምሁር ደግሞ በጀርመንኛ ይጽፍ የነበረውን የፕራጉን ካፍካንም አርጀንቲናዊውን ደራሲ ቦርኸስንም ሰብስቦ እዚያው ጆንያ ውስጥ ከተታቸው። በ1967 ሉዊስ ሌያል የተባለ ሌላ ምሁር ተነስቶ ተቃወመው። ፍሎሬስ የጠራቸው ብዙዎቹ የፋንታስቲክ ጸሐፊዎች ናቸው አለ። በእርግጥም ቦርኸስ በ1940 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ጥራዝ ሲያሰባስብ የሰጡት ስም «የፋንታስቲክ ሥነ ጽሑፍ» የሚል ነበር። ሰውዬው ራሱ የነገረንን ስም ትተን ሌላ ስም ለጠፍንበት።

ካፍካንስ የት እናስቀምጠው?

የሰፈሩ ጭቅጭቅ ሁሉ መጨረሻ እሱ ጋ ይደርሳል። በ1915 የታተመው ታሪኩ ሲጀምር ግሬጎር ሳምሳ ጠዋት ተባይ ሆኖ ይነቃል። የሚያስጨንቀው ግን ባቡር ማምለጡና የአለቃው ቁጣ ነው። እስከዚህ የእኛን ቀብድ የሚጠይቅ ልብስ ሰፊ ይመስላል። ቤተሰቡ ግን ያብዳል። እናቱ ትወድቃለች፣ ከመሥሪያ ቤት የመጣው ሰው ደረጃውን ወርዶ ይሮጣል። ማንም አልደነገጠም ማለት አንችልም። እውን ነው ወይስ ሕልም የሚል ማመንታትም የለም።

ቶዶሮቭ ራሱ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ካፍካ ቀመሬን ያፈርስብኛል ብሎ ያምናል። ፋንታስቲክ ከተለመደው ተነስቶ ወደ ማይታመነው ይሄዳል። ካፍካ ከማይታመነው ተነስቶ ወደ ተለመደው ይወርዳል። ጋርሲያ ማርኬዝ ደግሞ ተማሪ ሳለ ይህን ታሪክ ሲያነብ እንዲህ መጻፍ እንደሚቻል አላውቅም ነበር ብሏል፤ አያቱን አስታወሰው። ስለዚህ ካፍካ ሳጥን ከሌለው ሳጥን አትሥሩለት። ሁለቱ ሰፈሮች ድንበራቸው ላይ ግንብ የላቸውም፣ ጀጎል አይደሉም።

ይህን ማወቅ ለማን ይጠቅማል?

ለአንባቢ ትንሽ ይጠቅማል። ፋንታስቲክ ስታነብ «በእርግጥ ሆነ?» ብለህ መጠየቅ ደስታህ ነው። ማጂካል ሪያሊዝም ስታነብ ይህን ጥያቄ ከደገምክ ትሰላቻለህ። ጥያቄህ «ይህ ተአምር ስለ ሰዎቹ ኑሮ ምን አሳየኝ?» ቢሆን ይሻላል።

ለሚጽፍ ሰው ግን ብዙ ይጠቅማል። ለጓደኛዬ በሚቀጥለው ዓርብ ይህን ሁሉ አላወራሁለትም። ጽሑፉን ተቀብዬ ሦስት ቦታ አሰመርኩበት ብቻ። አንዱ «በድንገት» የሚለው ነበር። ሌላው «ዓይኑን ማመን አቃተው»። ሦስተኛው «እንደ ሕልም»። ልብስ ሰፊህ ደንግጧል ወይስ አልደነገጠም? ከደነገጠ እነዚህን ተዋቸው፣ ትኩሳቱንና ሻማውን ጨምር፣ መጨረሻ ላይ አትመልስ። ካልደነገጠ ሁሉንም ሰርዝና የጨርቁን ዋጋ ጻፍ።

ትንሽ አሰበ። እስክሪብቶ ጠይቆ ሦስቱንም ሰረዛቸው።

ከዚያ ቀና ብሎ «ቆይ ግን ቀብድ ስንት ይጠይቀው?» አለ። አንዱ ግማሹን አለ። ሌላው የአምናውን ዕዳ ሳይከፍል ሜትር መንካት የለበትም አለ። ሦስተኛው፣ ያ «ጅብ ካወራ ፋንታሲ ነው» ያለው፣ ጅብ ደሞዝተኛ ስላልሆነ ወሩ መጨረሻ መጠበቅ ዋጋ የለውም፣ በአጥንት ይክፈል ብሎ ተከራከረ። እስከ መግሪብ አልተስማማንም።